አካውንቲንግ ተመርቄ ልቤ አልቆረጠም፦ ባንክ፣ ኦዲት ቢሮ ወይስ ማስተርስ?

አዲስ ተመራቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የተመረቅኩት በአካውንቲንግና ፋይናንስ ነው። የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ነጥቤ 3.1 ነው። አሁን ከፊቴ ሦስት ነገር አለ። አንድ የግል ባንክ የጽሑፍ ፈተናውን ስላለፍኩ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። አንድ አነስተኛ የኦዲት ቢሮ በ12,000 ብር ጀማሪ ኦዲተር አድርጎ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ቤተሰብ ደግሞ «ትምህርቱ ሳይቀዘቅዝ ማስተርስሽን ቀጥይ» ይላል። የቱ እንደሚሆነኝ አላውቅም፤ አካውንቲንግ ራሱ እንደሚሆነኝም እርግጠኛ አይደለሁም። «የምትወጂውን ሥሪ» የሚለውን ብዙ ሰው መክሮኛል፤ የምወደውን ባውቅማ አልጠይቅም ነበር። ሥራዎቹ ውስጣቸው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚመረጥ የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ሚዛን፦
እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ። «አካውንቲንግ ይሆነኛል ወይ?» የሚለውን ለጊዜው ተዪው፤ በዚህ ስም የሚሠሩት ሥራዎች እርስ በርስ ስለማይመሳሰሉ አንድ መልስ የለውም። ጠዋት ከገባሽበት ማታ እስክትወጪ እጅሽ ምን ሲሠራ እንደሚውል ነው ማየት ያለብሽ።

ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ የጀማሪ ሥራ ከሰው ጋር ነው። ሒሳብ መክፈት፣ ገንዘብ መቀበልና መክፈል፣ የቼክ ፊርማ ማመሳከር፣ የሞባይል ባንኪንግ መመዝገብ፣ የተናደደ ደንበኛ ማብረድ። ካሸር ከሆንሽ ቀኑ የሚያልቀው በሩ ሲዘጋ አይደለም፤ በእጅሽ ያለው ጥሬ ገንዘብና ሲስተሙ የሚያሳየው እኩል ሲመጡ ነው። ከጎደለ የምትተኪው አንቺ ነሽ፤ ለካሸሮች የጉድለት ማካካሻ አበል የሚታሰበውም ስለዚህ ነው። ተቀማጭ እንድታመጪ፣ አዲስ ሒሳብ እንድታስከፍቺም ግብ ይሰጥሻል። የተማርሽው የአይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ) ሪፖርት አዘገጃጀት ግን ቅርንጫፍ ላይ ለዓመታት ላያገኝሽ ይችላል፤ የባንኩ ሒሳብ የሚዘጋው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ሳያውቁ የሚገቡ ተመራቂዎች በስድስተኛው ወር «የተማርኩት ለዚህ ነው?» የሚሉት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ሰው ማነጋገር የሚቀናው፣ ብድር ወደ መተንተን ወይም ቅርንጫፍ ወደ መምራት መሄድ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም።

ኦዲት ቢሮ ላይ ደግሞ ሥራው ወረቀትና ኤክሴል ነው። የደንበኛውን ደረሰኝ ከጆርናል (የዕለት መዝገብ)፣ ጆርናሉን ከሌጀር (በየሒሳቡ ከተለየው መዝገብ) እያመሳከርሽ ታረጋግጫለሽ፤ ቫውቺንግ የሚባለው እሱ ነው። የባንክ ማስታረቂያ ትሠሪያለሽ፣ የዕቃ ቆጠራ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ያየሽውን ሁሉ ዎርኪንግ ፔፐር (የኦዲቱ ማስረጃ ወረቀት) ላይ ታሰፍሪያለሽ። የብዙ ድርጅቶች በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ቆጠራው በዚያ ሰሞን ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የዓመት ሒሳባቸውን እስከ ጥቅምት 30 ስለሚያቀርቡ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ማምሸት የተለመደ ነው። ኅዳር ላይ ይረግባል። ደመወዙ በጅምር ላይ ቀጭን ነው፤ ግን በአንድ ዓመት የአስመጪም፣ የፋብሪካም፣ የሆቴልም፣ የበጎ አድራጎት ድርጅትም መዝገብ ታያለሽ። ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፉን የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ) የምታስቢ ከሆነ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈተናዎቹ 13 ናቸው፤ በአካውንቲንግ ዲግሪ እስከ 9 ድረስ ነፃ መሆን ይቻላል። አባል ለመሆን ግን ከፈተናው ሌላ የ36 ወር አግባብ ያለው የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የኦዲት ሥራ ደግሞ እዚያ ላይ በቀጥታ ይቆጠራል።

ስለ 12,000ው፦ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300፣ ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600፣ ቀጣዩ 3,000 በ25 በመቶ 750፣ የቀረው 2,000 በ30 በመቶ 600፤ ድምሩ 2,250 ብር ግብር ነው። የጡረታ 7 በመቶ 840 ብር። እጅሽ የሚገባው 8,910 ብር ነው። ከባንኩ ጋር ስታወዳድሪ ሁለቱንም እንዲህ አውርደሽ፣ የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ቀንሰሽ አወዳድሪ። ባንኩ ክፍለ ሀገር ቢመድብሽ ኪራይ ሊረክስ ይችላል፤ ከቤተሰብ ጋር የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ ኪራይ አዲስ ወጪ ይሆንብሻል።

የቅጥር ክፍል፦
ሚዛን የሥራዎቹን ነገር በደንብ ተናግሯል። እኔ ስለ ማስተርሱ ልጨምር። የቤተሰብ ምክር በቅን ልብ ነው፤ ግን የክፍት ቦታ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ ስታዪው ሌላ ነገር ይታያል። ለአንድ መደብ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ «ዲግሪና 4 ዓመት ወይም ማስተርስና 2 ዓመት» በሚል መልክ ነው። ማስተርስ ልምድን ይቀንሳል እንጂ አይተካም። ሁለት ዓመት ሙሉ በመደበኛ ተምረሽ ስትወጪ በእጅሽ የሚኖረው ማስተርስና 0 ዓመት ነው፤ በዚህ መልክ የሚወጣ ማስታወቂያ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት ውጪ ጥቂት ነው። ዲግሪና 2 ዓመት የሚለው ግን ብዙ አለ። «ለደረጃው ከፍ ያለች ናት፣ አትቆይልንም» ተብለው ከጀማሪ ቦታ የሚቀሩ ባለማስተርሶችም አሉ።

ማስተርስ ቶሎ የሚያስፈልገው በሁለት ሁኔታ ነው፦ መምህር ወይም ተመራማሪ መሆን ከፈለግሽ፣ ወይም መስክ መቀየር ከፈለግሽ። ከዚያ ውጪ ከሆነ ሥራ ይዘሽ በማታው ወይም በቅዳሜና እሁዱ መማር ይሻላል፤ ያኔ የምን ማስተርስ እንደሚያስፈልግሽም ታውቂዋለሽ። ጋት የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ግን የሒሳብና የእንግሊዝኛ እጅሽ ሳይቀዘቅዝ መፈተን አይከፋም።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር የልምድ ደብዳቤ ነው። ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ እንዲያዝልሽ ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሽ፣ ደመወዙንና የሥራ ግብር መከፈሉን መግለጽ አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ብዙ ድርጅት ግብር ያልተከፈለበትን ልምድ አይቀበልም። አነስተኛ ቢሮ ላይ ስትቀጠሪ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «በፔይሮል ነው የምትይዙኝ? የጡረታ መለያ ቁጥር ታወጡልኛላችሁ?» ይሁን። «ለጊዜው በእጅ እንክፈልሽ» ካሉ ያ ዓመት ወረቀት ላይ የለም ማለት ነው።

ጉለሌ 5፦
በእኔ እምነት ነገሩ እየተወሳሰበ ነው። ቀድሞ የጠራሽን ያዢ። በዚህ ጊዜ ሁለት በር ተከፍቶላት ቆማ የምታስብ ተመራቂ ጥቂት ናት። ቤት ቁጭ ብሎ መምረጥ ውሃ ወቀጣ ነው። ከገባሽ በኋላ ካልተስማማሽ ትለቂያለሽ።

ሕግና ውል፦
ጉለሌ 5 ያልከው ግማሹ ትክክል ነው። ሕጉ ራሱ መሞከሪያ ጊዜ ይሰጣል፤ ግን «ትለቂያለሽ» የሚለው እንደ ውሉ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። ብዙ ሰው ይህን የአሠሪው መብት ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። በሙከራ ጊዜ ግን ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። 60 የሥራ ቀን ማለት ወደ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው። የጀመርሽበትን ቀን ካላንደር ላይ ጻፊ፣ ከዚያ 45ኛውን የሥራ ቀን ምልክት አድርጊ፤ ውሳኔሽን እዚያ ላይ ቁጭ ብለሽ አድርጊው። 60ው ካለፈ በኋላ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት ግድ ነው። ዝም ብሎ መቅረት ካሳ ያስጠይቃል፣ የልምድ ደብዳቤውንም ያበላሻል።

ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር አንብቢ። የመጀመሪያው የሥልጠና ግዴታ ነው፤ አንዳንድ ቀጣሪ «ስላሠለጠንኩሽ ይህን ያህል ዓመት ታገለግያለሽ፣ ካልሆነ ይህን ያህል ብር ትከፍያለሽ» ይላል። ዓመቱ ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ ባገለገልሽ ቁጥር እየቀነሰ ይሄድ እንደሆነ እይ። የማይቀንስ ከሆነ በመጨረሻው ወር ብትለቂም ሙሉውን ትከፍያለሽ ማለት ነው። ሁለተኛው ዋስ ነው። ባንክ ከገንዘብ ጋር ለሚሠራ ሠራተኛ የሰው ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱ ደመወዝተኛ ሆኖ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማምጣት ይኖርበታል። ማን ዋስ እንደሚሆንሽ ከቃለ መጠይቁ በፊት አነጋግሪ፤ ፈተና አልፈው ዋስ አጥተው የሚቀሩ አሉ። ዋስትናው በስንት ብር እንደተገደበም ይጻፍ፤ ልኩ ያልተጻፈ ዋስትና ላይ የዘመድ ስም ማስገባት ከባድ ነገር ነው። ሦስተኛው ዋና ማስረጃሽ ነው። ቀጣሪው ዋናውን አይቶ ከኮፒው ጋር አመሳክሮ ይመልስልሻል፤ «እኛ ጋ ይቀመጥ» ካለ አትስጪ። ለመመዝገብ፣ ለፎርም፣ ለሥልጠና ተብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ «ቅጥር» ካጋጠመሽ ደግሞ እዚያው ጣዪው።

ጉለሌ 5፦
የ45ኛ ቀኑን ነገር ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር ላይ አሁንም እከራከራለሁ፤ አምስት ቦታ ሁለት ሁለት ወር የሠራ ሰው ሲቪው ያስፈራል።

የቅጥር ክፍል፦
እሱማ ልክ ነህ። አንድ አጭር ቆይታ ማንም አይጠይቅም፤ «የሙከራ ጊዜ ነበር፣ ሥራው ከጠበቅኩት የተለየ ሆነ» ማለት በቂ ነው። ሁለተኛው ላይ ጥያቄ ይነሳል። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱ ይገፋል። ስለዚህ መሞከሩ በተቻለ መጠን ከቅጥር በፊት ቢሆን ነው የሚሻለው።

አዲስ ተመራቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጋሼ «ሕግና ውል» የጻፉትን አትሜ ይዣለሁ። ጥያቄዬ እሱ ነው፤ ሳይቀጠሩ እንዴት ነው የሚሞከረው? ተለማማጅነት (አፓረንት) ወጥቼ ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ከማንሳት ሌላ ያየሁት የለም።

ሚዛን፦
ለኦዲቱ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው የሁለት ሳምንት ሥራ ልስጥሽ። የሚያስፈልገው ኤክሴል ያለው ላፕቶፕና የአንድ ሱቅ የአንድ ወር ወረቀት ነው። ዘመድ ወይም ጎረቤት ነጋዴ አይጠፋም፤ ስሙን ሸፍነሽም ቢሆን ይበቃል።

መጀመሪያ የሽያጭና የግዢ ደረሰኙን በቀን ቅደም ተከተል መዝግቢ። ከዚያ የባንክ ስቴትመንቱን ከካሽ ቡኩ (ሱቁ ራሱ ከያዘው የገንዘብ መዝገብ) ጋር አስታርቂ፦ ተጽፈው ባንክ ያልደረሱ ቼኮች፣ ገብተው ስቴትመንቱ ላይ ያልታዩ ገንዘቦች፣ ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያና ወለድ። ሁለቱ ቁጥሮች መጀመሪያ ላይ አይገናኙም፤ ደግሞም አለመገናኘታቸው ነው የሚጠቅምሽ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ አሃዝ ተገላብጦ የተጻፈበት ቦታ ፈልጊ፤ 5,400ን 4,500 ብሎ የጻፈ ሰው 900 ያጎድላል። ለ2 ተካፍሎ ግማሹ መዝገቡ ውስጥ ካለ ደግሞ ዴቢቱ ክሬዲት ላይ ገብቷል ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ካልሆኑ አንድ መስመር ተዘሏል ወይም ሁለቴ ገብቷል።

ከዚያ የ10 ሰው ፔይሮል ሥሪ፤ ከላይ ያሰላሁትን የግብር እርከን ተጠቀሚ፣ የሠራተኛውን 7 በመቶና የአሠሪውን 11 በመቶ ጡረታ ለየብቻ አስቀምጪ። መጨረሻ ላይ የወሩን ቫት በ15 በመቶ አስቢ፤ የግዢውን ከሽያጩ ቀንሰሽ የሚከፈል ነው ወይስ የሚዞር?

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሥራውን በትክክል መጨረስሽ ብዙም አይደለም፤ ማንም ይማረዋል። የምታዪው ያቺን ያልተገናኘች 900 ብር ስትፈልጊ ያለውን ሁኔታ ነው። ማታ ተኝተሽ «ያቺን ደረሰኝ አላየኋትም» እያልሽ የምትነሺ ከሆነ ኦዲት ይሆንሻል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ለ900 ብር ይህ ሁሉ?» የምትዪ ከሆነ ኦዲት ላይ ዓመታት ያሰለቹሻል፤ ነውር አይደለም፣ ከሰው ጋር የሚሠራው ወገን ነሽ ማለት ነው።

ለባንኩ ሥራ ወረቀት አይበቃም። ሦስት ቀን የቅርንጫፍ ሥራ ቆመሽ እይ፦ አንዱን የወር መጨረሻ፣ ደመወዝ የሚወጣበትን ቀን አድርጊው። ሒሳብ የሚከፍትልሽን ልጅ ጥያቄ ጠይቂ፤ ፋታ ባለበት ሰዓት ከሆነ ይነግርሻል። «ካሽ ስታስታርቂ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ? ግባችሁ ምንድን ነው? ከዚህ ወደ ብድር ክፍል ለመግባት ምን ይጠይቃሉ?» እነዚህ ሦስቱ ይበቁሻል።

ዘጠኝ ቁጥር፦
ሚዛን ያለው የ9 ነገር ሌላው ቢቀር ለቃለ መጠይቅም ይጠቅማል፤ «ትራያል ባላንስ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር ማመሳከሪያ) ባይመጣጠን ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ አይቀሬ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር) «ተምሬያለሁ» ማለት ብዙ አይመዝንም፤ ያን የሱቁን ወር ፒችትሪ ላይ አስገብተሽ የትርፍና ኪሳራ ሪፖርቱን አውጥተሽ ብትሄጂ ግን ይመዝናል። የካፒታል ገበያውንም አትርሺው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ደላላ፣ የኢንቨስትመንት አማካሪና መሰል ፈቃዶችን የሚሰጠው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። ቦታው ገና ጠባብ ነው፤ ግን የሒሳብ መግለጫ አንብቦ መተርጎም የሚችል ሰው ይፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ ከኦዲት ቢሮ ነው በብዛት የሚወጣው።

ሲቪል 2016፦
ይቅርታ ክሩን ለመጥለፍ አይደለም፤ ግን የእኔም ያው ነው። ሲቪል ምህንድስና ነኝ። «ሳይት ግባ» ይሉኛል፣ «ኦፊስ ኢንጂነርነት ይሻላል» ይሉኛል፣ «ኢታብስ (የሕንፃ መዋቅር ማስሊያ ሶፍትዌር) ተማርና ዲዛይን ሥራ» ይሉኛል። ልዩነቱን በሥራ ደረጃ ማን ያስረዳኛል?

ሳይትና ቢሮ፦
ወንድሜ፣ ሳይት ማለት ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ከፎርማን፣ ከብረት ሠሪና ከግንበኛ ጋር መዋል ነው። ብረቱ እንደ ድሮዊንጉ መታሰሩን፣ ስፔሰር (ብረቱን ከቅርጹ የሚያርቅ ማራራቂያ) መግባቱን፣ ፎርምወርኩ (የኮንክሪት ማፍሰሻ ቅርጹ) መደገፉን ታያለህ፤ ለአማካሪው የሙሌት ፈቃድ ትጠይቃለህ፤ ኮንክሪት ሲሞላ ኪዩብ (የጥንካሬ መፈተሻ ናሙና) ታስነሳለህ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራል። ሙሌት ከተጀመረ መጨረሻው ሳይታይ አይወጣም፤ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ማዘዝ የማይሆንለት፣ ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ ፎርማን ሲከራከረው የሚደነግጥ ሰው ይቸግረዋል። ይህ ግን በስድስት ወር የሚለመድ ነገር ስለሆነ በዚህ ብቻ አትሽሽ።

ኦፊስ ኢንጂነር ደግሞ የሚኖረው ቴክኦፍ (ከድሮዊንግ ላይ የሥራና የዕቃ መጠን ማውጣት)፣ የክፍያ ሰርተፊኬትና ስኬጁል ላይ ነው። የኮንትራክተሩ ገንዘብ የሚወጣው በእሱ እጅ ስለሆነ ጥሩ ቴክኦፍ የሚሠራ ሰው ሥራ አያጣም። ለመሞከር እንዲህ አድርግ፦ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 40 ሳንቲ የሆነ ፉቲንግ (የምሰሶ መሠረት) አምስት አለህ በል። ኮንክሪቱ 0.9 ሜትር ኩብ በ5፣ 4.5 ሜትር ኩብ። ብረቱ ባለ 14 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱም አቅጣጫ በየ14 ሳንቲው። ከግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ከቨር (ብረቱን የሚሸፍነው ኮንክሪት) ስትቀንስ 1.4 ሜትር ይቀራል፤ 1.4ን ለ0.14 አካፍለህ 1 ስትጨምር በአንድ አቅጣጫ 11፣ በሁለቱም 22 ፍሬ። ከሁለቱም ጫፍ 30 ሳንቲ ከታጠፈ የአንዱ ርዝመት 2 ሜትር ነው። ለአንድ ፉቲንግ 44 ሜትር። የብረት ክብደት በሜትር ዲያሜትሩን (በሚሊ ሜትር) በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል ነው፤ ባለ 14ቱ 1.21 ኪሎ ይመጣል። 44 በ1.21፣ 53.24 ኪሎ፤ ለአምስቱ 266.2 ኪሎ። ገበያ ላይ ያለው ብረት 12 ሜትር ስለሆነ ከአንዱ 6 ፍሬ ይወጣል፤ 110 ፍሬ ለማውጣት 19 ዘንግ ትገዛለህ።

ጀማሪ የሚስተው ምኑ ላይ ነው? ለቁፋሮው የሠራተኛ መንቀሳቀሻ ቦታ ሳይጨምሩ በፉቲንጉ ልክ ማስላት፣ ከሥር የሚነጠፈውን ሊን (ስስ) ኮንክሪት መርሳት፣ ኮለምና ቢም የሚገናኙበትን ኮንክሪት ሁለቴ መቁጠር፣ የግንብ ሲሰላ በርና መስኮት አለመቀነስ፣ ኦቨርላፕ (ሁለት ብረት የሚደራረብበትን ርዝመት) መዝለል። አንድ የጂ+1 (ባለ አንድ ፎቅ ቤት) ድሮዊንግ አግኝና ከቁፋሮ እስከ ጣሪያ ቢም ጨርሰው። ከሦስት ሳምንት አይበልጥም። ከጨረስከው ቀጣሪ ፊት የምታስቀምጠው ነገርም አገኘህ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የምታስረዳበት ወረቀት መያዝ አሥር የሥልጠና ሰርተፊኬት ከመያዝ ይበልጣል።

ዲዛይኑን በተመለከተ ኢታብስ በመጫን ዲዛይነር አይኮንም። ሶፍትዌሩ የሰጠህን ቢም በእጅህ አስልተህ ማረጋገጥ ካልቻልክ ማንም አማካሪ ድርጅት በሠራኸው ሥር ፊርማውን አያኖርም። ስለዚህ ለብዙ ሰው የሚሠራው ቅደም ተከተል ሳይት አንድ ዓመት፣ ከዚያ ቢሮ ወይም ዲዛይን ነው። ሳይት ያላየ ኦፊስ ኢንጂነር ወረቀት ላይ የሚያምር፣ መሬት ላይ የማይታሰር ነገር ይጽፋል።

አንድ ነገር ከልቤ ላስጠንቅቅህ። «የሙያ ምዝገባ ወረቀትህን ስጠን፣ ቁጭ ብለህ በየወሩ እንከፍልሃለን» የሚል ኮንትራክተር ይመጣል። ስምህ በዚያ ሥራ ላይ ተጠያቂ ሆኖ ይቆማል፤ አንተ ግን ሥራውን አላየኸውም። እጅህንም አይፈታውም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወረቀት ላይ ልምድ አለህ፣ ስትጠየቅ ግን መልስ የለህም።

ሲቪል 2016፦
ቴክኦፉን ዛሬ እጀምራለሁ። ጂ+1 ድሮዊንግ ከየት ነው የሚገኘው?

ሳይትና ቢሮ፦
የዲፓርትመንትህ የመመረቂያ ፕሮጀክቶች ውስጥ ሞልቷል። የጎረቤት ቤት እየተሠራ ከሆነም ባለቤቱ የጸደቀ ፕላን ሳይት ላይ ማኖር ስላለበት ጠይቀህ ፎቶ አንሣ። መሬት ላይ ያለውን ከወረቀቱ ጋር ማየት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው።

ቀለም ወዳጅ፦
አፕላይድ ኬሚስትሪ ለተመረቀስ? «ማስተማር ወይ ምንም» ነው የሚባለው።

ላብ፦
ማስተማር አንዱ ነው፤ በአፕላይድ ለተመረቀ ሰው የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት መንገዱ ፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) ነው። ሌላው የፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ነው፦ ሲሚንቶ፣ ለስላሳና ቢራ፣ የምግብ ዘይት፣ መድኃኒት፣ ውሃ። ዘይት ፋብሪካ ላይ የነፃ ፋቲ አሲድና የፐርኦክሳይድ ልክ ትለካለህ፤ ለስላሳ ላይ ብሪክስ (የስኳር መጠን)፣ ጋዝና ፒኤች (የአሲድነት ልክ)፤ ሲሚንቶ ላይ የጥንካሬ ናሙና በ2ኛ፣ በ7ኛና በ28ኛ ቀን ይሰበራል። ናሙና በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ከመስመሩ ይነሳል፤ ያው መለኪያ፣ ያው ቅጽ፣ ቀን ከቀን። ሺፍቱ ስምንት ስምንት ሰዓት እየዞረ ስለሚመጣ ሌሊት አለው።

ምርምር ጠብቆ የሚገባ ሰው እዚያ ይከፋዋል። ልክ የሆነ ቁጥር መጻፍና ምርቱ ሲበላሽ «መስመሩን አቁሙ» ብሎ የምርት ኃላፊውን መቋቋም የሚችል ሰው ግን በሁለትና ሦስት ዓመት የፈረቃ ኃላፊ ይሆናል። ቃለ መጠይቅ ላይ ታይትሬሽን (የሶሉሽን መጠን በሌላ ሶሉሽን መለካት) በቃል ሳይሆን በደረጃ ይጠይቁሃል፤ ኢንዲኬተሩ (ቀለም የሚቀይረው ጠቋሚ) ለምን እንደተመረጠ፣ ቢዩሬት (ልክ ያለው የመስታወት ቱቦ) ከመሞላቱ በፊት በምን እንደሚታጠብ። በሚሞላው ሶሉሽን ነው፤ በውሃ ብቻ ያልክ እንደሆነ እዚያው ያበቃል።

ኮድ በእሑድ፦
አጭር ነገር ስለ ኮዲንግ፣ መጠየቁ ስለማይቀር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው፤ ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስ አለው። ሰርተፊኬቱን እንደ ሥራ አትቁጠሩት፤ እንደ መሞከሪያ ግን ከእሱ የረከሰ የለም። አካውንታንቷ መስክ ሳትቀይር ኤስኪውኤልና ፓወር ቢአይ (ዳታ ማውጫና ማሳያ መሣሪያዎች) ብትጨምር፣ የሱቁን የአንድ ዓመት ሽያጭ በግራፍ ብታወጣ፣ ከሁለቱም ወገን ትፈለጋለች። ሙሉ በሙሉ ወደ ሶፍትዌር መዞር ግን ቢያንስ አንድ ዓመት በቀን ሦስት አራት ሰዓት ይጠይቃል፤ በዚያ ጊዜ ማን እንደሚያበላችሁ ቀድማችሁ አስሉ።

አዲስ ተመራቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሱቁን ወረቀት ከአክስቴ አግኝቻለሁ። አሁን ያስጨነቀኝ ጊዜው ነው፤ ኦዲት ቢሮው እስከ ዓርብ መልስ ስጪን ብሏል፣ የባንኩ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ነው። «ባንክ እየጠበቅኩ ነው» ልበላቸው?

የቅጥር ክፍል፦
የባንኩን ስም አታንሺ፤ ውሸትም አትናገሪ። ሐሙስ ጠዋት ደውለሽ፣ ከዚያ በኢሜይል አጽኚው፦ «ስለ ሰጣችሁኝ ዕድል አመሰግናለሁ። ከመፈረሜ በፊት የውሉን ረቂቅ ለማንበብ እስከሚቀጥለው ረቡዕ ጊዜ ብትሰጡኝ» በይ። ረቂቁን መጠየቅ የተለመደ ነው፤ አራትና አምስት የሥራ ቀን መጠበቅም ለቢሮ አይከብድም፤ እነሱም ሌላ ሰው እስኪያገኙ ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። እምቢ ካሉ ግን ባልተጨበጠ የባንክ ቃለ መጠይቅ ብለሽ የተጨበጠውን አትልቀቂ። ከቃለ መጠይቅ እስከ ምደባ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የኦዲቱ የሙከራ ጊዜ እዚያው ውስጥ ያልቃል። በነሐሴ የምትገቢ ከሆነ ደግሞ ሥራው በሚበዛበት ወቅት ስለሆነ በ45ኛው ቀን የምታዪው እውነተኛውን መልኩን ነው።

በረቂቁ ላይ አምስት ነገር ፈልጊ፦ የመደቡ ስም «ጀማሪ ኦዲተር» ተብሎ መጻፉን፣ የሙከራው ጊዜ የሚጀምርበትን ቀን፣ 12,000ው ጥቅል ደመወዝ መሆኑን፣ ለደንበኛ ቦታ ስትሄጂ የትራንስፖርትና የውሎ አበል በማን እንደሚሸፈን፣ የትርፍ ሰዓት በጥቅምት እንዴት እንደሚታሰብ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ከመፈረምሽ በፊት አስሞዪው።

ሚዛን፦
ስትሄጂ ያስታረቅሽውን የአክስትሽን ባንክ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ ስሙን ሸፍኚው። ኃላፊው ካገላበጠው በኋላ የሚጠይቅሽ ያላለቀውን መስመር ስለሆነ በቀለም ምልክት አድርጊበት።